ገጽ ስልሳ ሦስት

ወይንእሸት ፋንታ በደብተር በሚጻፍ ጨዋታ ላይ አንድ ነውር ነበረባት፤ ጣቷ። ምርጫ ያለበት ገጽ ላይ ስትደርስ ሌባ ጣቷን እዚያው ሸጉጣ ነበር ወደፊት የምትገልጠው። የመረጠችው መንገድ ገደል ከከተታት ምን ገዷት፣ ጣቷን ተከትላ ትመለስና ሌላውን ትሞክራለች። ከፋለ ይህን ሲያይ ይንጨረጨር ነበር።

«አንቺ መሸነፍ አታውቂም! ሞትሽ እኮ፤ የሞተ ሰው ቦታውን ይለቃል» ይላታል።

«አንዴ ተሳሳትኩ ተብዬ ሞቼ ልቅር?» ትለዋለች።

በዚህ ነገር አንድም ቀን ተግባብተው አያውቁም። ያኔ የልጅ ጭቅጭቅ ነበር። ኋላ ግን ከዕድሜዋ አምስት ዓመት የበላባት ይኸው ጭቅጭቅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቢቸና ነው፣ በ1992 ዓ.ም.። ትምህርት ቤቱ ሦስት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች በእርዳታ አገኘ። ኳስና የመኪና እሽቅድድም አለባቸው ተብሎ ስለተወራ ተማሪው እየተጋፋ ገባ። ሁለቱ ላይ ምንም አልነበረም። ሦስተኛው ላይ አንድ ጨዋታ ተገኘ፤ እሱም ሥዕል የሌለው ሆኖ አረፈው። ጥቁር መስኮት ላይ በእንግሊዝኛ «ወደብ ላይ ቆመሃል። ዝናብ ይዘንባል። ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጽፍና ዝም ይላል። የምታደርገውን ጽፈህ ስትመልስለት የሆነውን ይነግርሃል፣ እንደገና ዝም። «ይኼማ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው» ብሎ ተማሪው ባንድ ሳምንት ጥሎት ወጣ። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ወይንእሸትና ከፋለ።

ወይንእሸት መቅረቷ አያስገርምም። አባቷ መሪጌታ ፋንታ ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ አንድ ቃል ይዞ ሲያገላብጡ መዋል የቤታቸው ወግ ነበር። የሚያስገርመው ከፋለ ነው። ከፋለ የጆተኒ ልጅ ነበር። አጎቱ መናኸሪያው አጠገብ በረንዳ ላይ አንድ ጆተኒ ነበራቸው፤ ተጫዋቾቹ በብረት ዘንግ የተሰኩበት፣ ኳሷ በገባች ቁጥር ሰፈሩ የሚናወጥበት ጠረጴዛ። ከፋለ ጠዋት እዚያ ሲጮህ ያረፍድና ከሰዓት ኮምፒዩተሩ ፊት ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። የጆተኒ ጓደኞቹ «ከፊደል ጋር ኳስ የሚራገጥ» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱ ግን ሁለቱንም እኩል ይወድ ነበር። አንድ ቀን ወይንእሸትን ይዟት ወደ በረንዳው ሄደ።

የመሪጌታ ልጅ ጆተኒ ላይ! ቢቸና ለሁለት ሳምንት ሌላ ወሬ አላስፈለጋትም። ወይንእሸት በረኛ ሆነች፤ ከፋለ አጥቂ። እናቷ እማማ ይርገዱ እጇን አይተው «ዘነዘና ሳትይዢ መዳፍሽን ምን ላጠው?» አሏት።

በረንዳው ላይ ሕጉ አንድ ነበር፤ አሸናፊ ይቀጥላል፣ ተሸናፊ ይወጣል። ከፋለ ጆተኒው የአጎቱ ሆኖ ሳለ ሲሸነፍ ዘንጉን ለቆ፣ ከሰልፉ ጭራ ሄዶ ይቆም ነበር። ማንም ሳይነግረው። ወይንእሸት ይህን ጠባዩን ወደደችለት። ቀስ በቀስ ሌላውንም ሁሉ ወደደችለት፤ ለእሱም ሆነ ለሌላ ሰው ግን ትንፍሽ አላለችም።

በ1993 ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ ያን ኮምፒዩተር አቃጠለው። ከፋለ ዘመድ እንደሞተበት ሆነ። ወይንእሸት ግን ደብተር ገዛችና ጻፈች፦ «አንተ ገበያ የምትሄድ ነጋዴ ነህ። መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። በዳገቱ ከሄድክ ገጽ 5፣ በሜዳው ከሄድክ ገጽ 8።» ከፋለ ጆተኒው ላይ ተራ እየጠበቀ አነበበው፤ ገጽ 8 ላይ ሽፍታ ገደለው። ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ደብተሩን ከጎኑ ለቆመው ልጅ አቀበለ። ወይንእሸት ይህን አይታለች። አይታ ግን ልብ አላለችውም። ከዚያ ተራ በተራ ይጻጻፉ ጀመር፤ የጣቷ ጭቅጭቅም ያኔ ነው የተነሳው።

ጊዜው ሄደ። ወይንእሸት ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረች። በ1996 የከፋለ አጎት ጆተኒውን ሸጡና ሞጣ ላይ የፕሌይስቴሽን ቤት ከፈቱ፤ እንዲያስተዳድረው ከፋለን ላኩት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ከፋለ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንድ ትልቅ ጻፊልኝ እሺ? ቶሎ የማያልቅ!» አላት።

ሰው እንዲህ ሲባል ቀልድ ነው ብሎ ይተዋል። እሷ ግን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝታ ሰባት ወር ጻፈች። ተጫዋቹ ከሞጣ ወደ ቢቸና አንድ የታሸገ ደብዳቤ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ገደል አለ፣ ጅብ አለ፣ በጠላ የሚያታልል ባላገር አለ። ከሁሉም መንገድ ገጽ 63 የሚያደርሰው አንድ ብቻ ነው። እዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ቢቸና ገባህ። አሁን ደብዳቤውን ክፈተው፤ ላንተ የተጻፈ ነው። ጆተኒው ላይ በረኛህ የነበረችው ልጅ ትወድሃለች። ከፈለግሃት በሚመጣው ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍረህ ና። ካልፈለግሃት ደብተሩን መልሰህ ላከው፤ ይገባታል።»

ገጽ 9 ላይ የሞላ ወንዝ አለ። የሚገባ ወደ 11 ይሄዳል፣ የሚጠብቅ ወደ 14። ከፋለ መጠበቅ እንደማይችል ታውቃለች፤ ዘሎ ይገባል፣ ይሰጥማል። ይስጠም ብላ ነው የጻፈችው። ሰጥሞ፣ ስቆ፣ ተመልሶ ሌላውን እንዲሞክር፣ እንዲህ እያለ ደጋግሞ ሞቶ ገጽ 63 ሲደርስ ደስታው እንዲበዛለት። ከፋለ የሚጨቃጨቀው ለጨዋታ ያህል፣ ብቻውን ሲያነብ ግን ሰው ሁሉ እንደሷ ጣቱን የሚሸጉጥ መስሏት።

በ1997 መስከረም ደብተሩን ለአውቶቡስ ረዳት ሰጥታ ላከች። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ መዋል ሆነ ሥራዋ። ከሞጣ የሚመጣው አውቶቡስ ቆሞ የመጨረሻው ሰው እስኪወርድ ትጠብቃለች፤ ረዳቱ ዶሮና ጆንያ ካወረደ በኋላ እንኳ በሩን ታያለች። በአምስተኛው ቅዳሜ ከፋለ ሳይሆን አንዲት ቁራጭ ወረቀት መጣች።

«ወይንዬ፣ ደብተሩ ደርሶኛል። አንደኛ ነው! ቤቱ በሙሉ ወዶታል። በርቺ። ከፋለ።»

ይኸው ነው። ወረቀቷን እስክትሳሳ አነበበቻት። አልመጣም፣ ደብተሩንም አልመለሰም። ምርጫው ሁለት ነበር፤ እሱ ሦስተኛ ፈጠረ። «በርቺ» ማለት ምን ማለት ነው? ላሳፍርሽ አልፈልግም ማለት ነው? ጠብቂኝ ማለት ነው? እምቢ ቢላት አልቅሳ ይወጣላት ነበር። እሺም እምቢም ያልተባለ ሰው ግን ምን ብሎ ያለቅሳል?

ዓመታት አለፉ። ሞባይል መጣ፤ ቁጥሩን ጠይቃ መደወል ትችል ነበር። ግን ሁሉን ጽፋ ጨርሳለች፣ እሱም አንብቦ ዝም ብሏል፤ አሁን ደግሞ ደውላ «ሄሎ» ብላ ልትለምነው ነው? ሞቷን ትመርጣለች። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተላከባት፣ ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለች። እማማ ይርገዱ «ምን እየጠበቅሽ ነው ልጄ?» ሲሏት «ምንም» ትላለች። የምትጠብቀውን ግን እሷ ታውቃለች፤ ወይ እሱ፣ ወይ ደብተሩ ይምጣ።

በ2002 ጥቅምት ባየ የሚባል ነርስ ቢቸና ጤና ጣቢያ ተመደበ። መጽሐፍ ሊዋስ መጥቶ የውሰት ካርዱ ላይ የፈረመችውን ስም አነበበና ቀና ብሎ ትክ ብሎ አያት።

«ወይንእሸት ፋንታ? የደብተሯ ወይንእሸት?»

«የየትኛው ደብተር?»

«የሞጣው ነዋ! የከፋለ ጌም ቤት! ሽፋኑ ላይ ስምሽ አለ እኮ። እኔ ሞጣ ሳለሁ ጨርሼዋለሁ፤ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል።»

ወይንእሸት ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ገጽ 63ን ሌላ ሰው አንብቦታል! ባየ ግን መጨረሻውን የጨዋታው ፈጠራ ነው ብሎ ነበር የወሰደው፤ በኩራት ማውራቱን ቀጠለ። ከፋለ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን አለ። የፕሌይስቴሽኑ ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ ጆይስቲክ ይዘው ኳስ ይጫወታሉ። መብራት ሲጠፋ ግን ከፋለ ደብተሩን ያወጣል፤ ባለ ተራው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ይመርጣል፣ ሲሞት ለሚቀጥለው ያቀብላል። መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች አይዋደዱም ነበር። የደብተሩ ሰዎች፣ አስተማሪው፣ ዲያቆኑ፣ ነርሱ፣ መብራት ሲጠፋ ብቻ እየሮጡ ይመጣሉ። የፕሌይስቴሽኑ ልጆች መብራት ኃይልን ሲራገሙ እነዚህ ይመርቁ ነበር። ኋላ ግን አንድ ዲያቆን ጆይስቲክ ያዘ፤ አንድ ቀንደኛ የኳስ ተጫዋች ደግሞ መብራት እንዲጠፋ ስለት ሲሳል ተያዘ። ከዚያ በኋላ ማን የማን ወገን እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

«ከፋለስ?» አለች ወይንእሸት፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «እሱስ መጨረሻውን እንዴት አየው?»

«እሱማ ወንዙ ውስጥ ቀረ!» ባየ ከልቡ ሳቀ። «ደብተሩ የመጣ ዕለት ዘሎ ገባ፣ ሰጠመ፣ ለሚቀጥለው አቀበለ። የቤቱ ሕግ ነዋ፤ ተሸናፊ ይወጣል። ባለቤት ስለሆነ ደግሞ ተራውን ለደንበኛ ይለቃል፤ ሁሌ ጭራ ላይ ነው። እንንገርህ ስንለው ጆሮውን ይደፍናል። መጨረሻውን የተናገረ ለሳምንት አይገባም ብሎ ግድግዳው ላይ ለጥፏል።»

ወይንእሸት ወንበር ስባ ተቀመጠች። አምስት ዓመት አንብቦ ዝም አለኝ ስትል የኖረችው ሰውየው ጥያቄዋን ሳይሰማ ነው! በዚያ የማይረባ ሕጉ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ ያን ሕጉን አይደል የወደደችለት፣ ሳቋ መጣ።

«አግብቷል?» አለች፣ እንደ ዋዛ።

«እኔ እስከማውቀው አላገባም።»

ባየ ከሞጣ ከወጣ ግን ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ይህን መጨመር ረሳ፤ እሷም መጠየቅ ረሳች።

በሳምንቱ ፈቃድ ወሰደች፣ ጸጉሯን ተሠራች። እናቷን «ሞጣ ጊዮርጊስን ልሳለም ነው» አለቻቸው። እማማ ይርገዱ ሹሩባዋን ከላይ እስከ ታች አይተው «ጊዮርጊስ እንኳ ጸጉር አይቶ አይፈርድም። በይ እንግዲያው፣ በሰላም ያግባሽ» አሏት።

አውቶቡሱ በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ ሲጓዝ ወይንእሸት መስኮት ዳር ተቀምጣ የራሷን ደብተር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የምታነብ መሰላት። መልእክተኛው የሚመጣበትን መንገድ እሷ ወደ ኋላ እየሄደችው ነው። ምን እንደምትለው አስቀድማ ወስናለች። ምንም አትለውም፤ እዚያው ያለውን ደብተር አንስታ ትሰጠውና «አንብብ» ትለዋለች፣ በቃ።

ጌም ቤቱን ለማግኘት መጠየቅም አላስፈለጋትም፤ ጩኸቱ ከመንገዱ ማዶ ይጠራ ነበር። ከፋለ ትንሽ ወፍሯል። አይቶ ያወቃት ገና በሩ ላይ ሳለች ነው።

«ወይንዬ! ኧረ በጊዮርጊስ! ወይንዬ!» ጉንጯን እያፈራረቀ ሳማት፤ ወደ ልጆቹ ዞሮ «የደብተሯ ሰው መጣች!» ብሎ ጮኸ። የፕሌይስቴሽኑ ልጆች ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ አጨበጨቡላት። ወይንእሸት ሳቀች። በአምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ሳቋ ሳያልቅ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ፣ በእጇ ምሳ ይዛ ገባች።

«ባለቤቴ መክሊት» አለ ከፋለ። «ያቺ ደግሞ ልጃችን ናት፣ ትህትና። መክሊት፣ ይቺ ወይንእሸት ናት!»

«የጆተኒዋ በረኛ» አለች መክሊት። «ስላንቺ ሲያወራ አይጠግብም። ደህና መጣሽ እህቴ።»

ወይንእሸት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች፤ ሰው የሚለው ይህንን ነው። ባየ ላይ ተናደደች፣ ራሷ ላይ ተናደደች፣ ሹሩባዋ ላይ ሳይቀር ተናደደች። ሄጄ መንገድ ላይ ላልቅስ ብላ ልትነሳ ስትል መብራት ጠፋ።

የፕሌይስቴሽኑ ልጆች «ኤጭ!» አሉ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የደብተሩ ሰዎች እያለከለኩ ከየአቅጣጫው ደረሱ። ከፋለ ደብተሩን ከሣጥን አወጣ፤ ጠርዙ ጠቁሯል፣ በፕላስተር ተጠግኗል። ባለ ተራው አስተማሪ ግን ደብተሩን መልሶ ለከፋለ ሰጠውና «ጻፊዋ እያለችማ ዛሬ ባለቤቱ ይጫወት! ተራዬን ለቀቅኩ» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተስማማ።

ከፋለ እንደ ልጅ ቀላ። ወይንእሸት አጠገብ ተቀመጠና ደብተሩን በሁለታቸው ጉልበት ላይ ዘርግቶ ከበሩ በሚገባው ብርሃን ማንበብ ጀመረ። መክሊት በወይንእሸት ሌላኛው ጎን ቁጭ ብላ ሕፃኗን እያጠባች ቀስ ብላ እንዲህ አለቻት፦

«እኔ ጨርሼዋለሁ። ከሠርጋችን በኋላ በነበረው ክረምት።»

ወይንእሸት ዞር ብላ አየቻት። መክሊት እንደ ባየ አልነበረችም። የጆተኒው በረኛ ማን እንደሆነች ከባሏ አፍ ሰምታለች፤ ፈጠራ ነው ብላ የምታልፈው ነገር አልነበረም።

«ምን አልሽው?» አለች ወይንእሸት በሹክሹክታ።

«ምን እለዋለሁ? ሕጉ ሕግ ነው ብዬ ዝም አልኩ።» መክሊት ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች።

ከፋለ ገጽ 9 ደረሰ። «ወንዜ! አምስት ዓመት ሙሉ ውስጥሽ ነበርኩ!» አለ፤ ቤቱ ሳቀ። «አሁንማ እጠብቃለሁ።» ወደ 14 ገለጠ። ወይንእሸት ሳታስበው ሌባ ጣቷን ገጽ 9 ውስጥ ሸጎጠች። ከፋለ አየና «ይቺ ጣትሽ ገና አለች!» ብሎ ሳቀባት። ከ14 ወደ 22፣ ከ22 ወደ 37። ጅቡን አለፈ፣ የባላገሩን ጠላ አልቀበልም አለ። በእያንዳንዱ ምርጫ ላይ ጣቷ እየተከተለው ተዛወረ። ጨዋታውን የጨረሱት ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ወይንእሸት ያባቷን ቤት ጸሎት ሁሉ ረሳች፤ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ይወቅ። ምንም አይሁን፣ ምንም አይምጣ፣ ግን አንድ ጊዜ አንብቦ ይወቅ። ከጎኗ ሕፃኗ ስትጠባ ይሰማታል፤ ያን መስማት አልፈለገችም።

ገጽ 58። «ከከተማው በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። ደብዳቤውን ለዘበኛው ከሰጠህ ገጽ 60፣ በእጅህ ካደረስክ ገጽ 63።»

«በእጄ ነዋ!» አለ ከፋለ። «እዚህ ድረስ መጥቼ ለዘበኛ?» ጣቱን አርሶ ወረቀቱን ያዘ።

መብራት መጣ።

ቴሌቪዥኖቹ ጮኹ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ወንበር ተንኳኳ። «ከፌ፣ ሕግ! ሕግ! መብራት ሲመጣ ደብተር ይታጠፋል!» ከፋለ እየሳቀ ተነሳ። ደብተሩን ዘጋው፤ ወይንእሸት ጣቷ ገጽ 58 ውስጥ እንዳለ ጉልበቷ ላይ ትቶት ማሽኖቹን ሊያስነሳ ሄደ።

አንድ ቃል ይበቃት ነበር። «ና» ብትለው ይመጣል፤ ጣቷን ተከትሎ አንድ ገጽ ይገልጣል። መክሊት የወይንእሸትን ጣት ብቻ ታያለች።

«ወይንዬ!» አለ ከፋለ ገመድ እየሰካ፣ ከልጆቹ ጩኸት በላይ። «እንዳትነግሪኝ እሺ? ሌላ ጊዜ ተራዬ ሲደርስ ራሴ ነኝ የማገኘው! ይልቅ፣ መጨረሻው ያምራል?»

«ሲጻፍ ያምር ነበር» አለችው።

ከዚያ ጣቷን ቀስ አድርጋ አወጣች። ደብተሩን ለመክሊት ሰጠቻትና እጇን ዘርግታ ሕፃኗን ተቀበለቻት።